ባለ ሦስት ቅጠል

ኮቡሌቲ ነው አገሬ፣ ጥቁር ባሕር ያለበት፣
የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ የሚያድርበት።
ጉራም ያጸደቀው ያ የመስኮቱ ሎሚ፣
መንደሩ ለሻዩ በፍሬው ተሻሚ።
በዱር እሾህ ግንድ ላይ ለጋውን ያሰረው፣
በገዛ ሥሩ ላይ ውርጭ ስለሚያሳርረው።
ለእኔም ከዚያው ዛፍ ቆርጦ አንድ ለጋ ሰጥቶኛል፣
ዛሬም ከጓሮዬ ያፈራል፣ ይሸተኛል።
በኋላ ስለ ቦይ፣ ስለ አንድ ክንድ መሬት
ተኳረፍን እኔና እሱ፤ ቀደመን ሞት።

ሚስቱ ጺያላ ናት ዛፉን የወረሰች፤
በዝናብ ላይ ዝናብ በባልዲ ያፈሰሰች።
ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጅማቱ ሲቀር፤
መካሪ ሞልቶላት! ምክሩ ግን ምን ነበር?
«የዛገ ምስማር ቅበሪ» አለቻት ዡዡና፣
ቄሱ ግን «ጸልዪ፣ ጊዜ ያድነዋልና»።
ምስር የሚመስል ተባይ ቅጠሉ ላይ አርፎ፣
ጉንዳን እየጠበቀው ግንዱ ላይ ተሰልፎ፣
ማር መሰል ወዙ ላይ ጥላሸት በቀለ፤
ብትወለውለው በጨርቅ፣ በነጋው ያው አለ።

በጥር በረዶ ጣለ፣ እስከ ጉልበት ድረስ።
የሟቹን ካፖርት ለዛፉ ስታለብስ፣
አዝራሩን ስትቆልፍ አየኋት ከመስኮቴ፤
እግሬ ተነሣና፣ ያዘኝ ያ ኩራቴ።

ካፖርቱ አላዳነም። ጫፉ ደርቆ ቀረ።
በጸደይ ግን ከሥር አንድ ቡቃያ ጀመረ፤
ለምለም ነው፣ ቀጥ ያለ፣ እሾሁ ጣት የሚያህል።
«የጉራም ዛፍ ዳነ» ስትል፣ ማን ምን ይበል?

እኔ በአጥር ቀዳዳ ቅጠሉን ቆጠርሁት፤
በአንድ እንጨት ላይ ሦስት። ወዲያው አወቅሁት።
የሎሚ ቅጠል አንድ ነው። ይህ ሥሩ ነው፣ ዱሩ፤
ሎሚው ሞቶ ኖሮ፣ የተነሣው እግሩ።

አወቅሁ። ዝም አልሁ።
ስለ ቦዩ። ስለ ክንድ መሬቱ።
«ዝምታ ወርቅ ነው» ይላሉ፤
የእኔው ግን ምስማር ነበር፣ ከነዝገቱ
ሥር ላይ የተቀበረ።

ሦስት ዓመት።
ሎሚ በመከር ወራት ቅጠሉን አይጥልም፤
የእሷ ተራገፈ፤ «ደክሞት ነው» አለች እንጂ አልጠረጠረችም።
ፍግ አበዛችለት፤ እጇን እሾህ ቦጨቀው፣
(በቀኝ አውራ ጣቷ ፋሻ ነው የማውቀው።)
በአራተኛው ጸደይ ነጭ አበባ ለበሰ፤
ትንሽ፣ ቢጫ፣ ጠጉራም ፍሬም ደረሰ።

አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብልቃጥ ተቀመጠ፤
ማርማላታ ነበር፣ ስኳሩ የበለጠ፤
ወረቀት ታስሮበት፦ «የጉራም ሎሚ ነው።
እሱም ቢኖር ይልክ ነበር። የቦዩን ነገር እንተወው።»

ቀመስሁት።
ስኳሩ አለፈና መጣ ያ መራራ፣
ጉሮሮዬን አልፎ ልቤ ላይ አፈራ።

ከዚያ ከጉራም ሎሚ፣ ከጓሮዬ ቆርጬ፣
በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አጥሩን ዞሬ፣ ሮጬ፣
በአሥራ አንደኛ ዓመቴ በሯን አንኳኳሁት።
«ያ ሎሚ አይደለም» አልኋት፣ «ሥሩ ነው፣ ዱር ነው፤
ሎሚው እኔ ዘንድ ነው። ይኸው እጄ ላይ ነው።»

ጺያላ ዝም አለች፣ ጣቷን እያሻሸች።
«ከመቼ ጀምረህ ነው የምታውቀው?» አለች።
«ከመጀመሪያው ጸደይ።»
ዝናቡ ብቻ አወራ።
ስድብ ጠበቅሁ። ገባች። ተመልሳ ወጣች፤
የጉራምን ቢላ በእጄ አስቀመጠች።
«ሁሉንም አትቁረጠው። አንድ ቅርንጫፍ ተው፤
በረዶውን የቻለው እሱ ነው፣ እሾሁ ነው።»
ቆይታም «ማርማላታውስ?»
«ጨረስሁት» አልኋት፣ ዋሽቼ።
ሳቀች። እሷም ቀምሳዋለች ለካ።

ሰነጠቅን፣ አጣበቅን፣ በላስቲክ ጠመጠምን፤
ይኸው ሦስተኛ ሳምንት፤ ይያዝ አይያዝ አላወቅን።
ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ድምፅ ይመጣል፦
«ውኃ ላጠጣው ወይ?»
«ተይ» እላለሁ፣ «ሰማዩ ያጠጣዋል።»